ከኀፍረት አርነት ስለ መውጣት

ሰው በክፉ ሥራው ሊያፍር እንደሚገባው የማያስተምር መምህር የለም፤ ያፈረ ሰው ከኀፍረቱ በምን እንደሚወጣ አጥርቶ የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ምእመናን ኀፍረትን እንደ ጥላ ከራሳቸው የማይለይ ነገር አድርገው ይዘውት ይኖራሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሰው ይመለሳሉ፤ በካህን ፊት ቆመው ሌላ ነገር ተናግረው ይሄዳሉ፤ ከዘመድ መንደር ርቀው በባዕድ ከተማ ያረጃሉ። እኛም በዚህ ወር ጽሑፋችን፥ በክርስቶስ ማመን ሰውን ከኀፍረት አርነት ያወጣዋል የምንል ከሆነ፥ ይህ አርነት ምን ዓይነት እንደ ሆነና ከዓይነ ደረቅነት በምን እንደሚለይ፥ አባቶቻችን በሐይቅ ገዳም ትተውልን ከሄዱት ታሪክ ጋራ አስተያይተን ልንመረምር አስበናል።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በግዕዝ ኀፍረት የሚለው ቃል የልብን መሸማቀቅም የሰውን ዕራቁትነትም ይሰይማል፤ ዛሬ በአማርኛችን ኀፍረተ ሥጋ የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። አባቶች ለሁለቱ አንድ ስም መስጠታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ያፈረ ሰው ምንም ካባ ቢደርብ በልቡ ዕራቁቱን የቆመ ነውና። አማርኛ ደግሞ ከዚህ ሌላ ይሉኝታ የሚል የራሱ ቃል አለው። ይሉኝታ «ምን ይሉኛል» ከማለት የተገኘ ነው፤ የሚሉት እነማን እንደ ሆኑ ግን ቃሉ አይነግረንም። ጎረቤት ነው፥ ዘመድ ነው፥ የማኅበር ጓደኛ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ማንም አይደለም፥ ሰው ራሱ በልቡ ያቆመው ሸንጎ ነው። ይሉኝታ ጨርሶ ክፉ ነው አንልም። በመንደር ሰው እንዳይሰርቅ፥ ሽማግሌ እንዳይደፍር፥ የተቸገረውን አይቶ እንዳያልፍ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ክፋቱ የሚጀምረው በሰው ልብ ውስጥ በእግዚአብሔር ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው።

የኀፍረት መጀመሪያ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። አዳምና ሔዋን ሳይበድሉ ዕራቁታቸውን ሆነው አያፍሩም ነበር፤ መምህራን በትርጓሜ እንደሚያስተምሩን የብርሃን ልብስ ለብሰው ነበርና። ከበደሉ በኋላ ሁለት ነገር አደረጉ፤ የበለስ ቅጠል ሰፍተው ታጠቁ፥ በዛፎችም መካከል ተሸሸጉ። መሸፈንና መሸሽ ማለት ነው፤ ኀፍረት ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ሌላ ሥራ አልተማረም። እግዚአብሔር አዳምን ወዴት እንዳለ መጠየቁ ያለበትን ስፍራ ባለማወቁ አይደለም፤ ራሱ ተናግሮ ይወጣ ዘንድ ደጅ ሲከፍትለት ነው እንጂ። አዳም ግን የተከፈተውን ደጅ ትቶ በሔዋን አመካኘ፤ ሔዋንም በእባቡ አመካኘች። ከፍርዱ በኋላ የሆነውን ልብ ልንለው ይገባናል። እግዚአብሔር የቅጠሉን መታጠቂያ አስጥሎ ዕራቁታቸውን አላባረራቸውም፤ ራሱ የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው። ቅጠሉን የሰፋ ሰው ነው፤ ቁርበቱን ያለበሰ እግዚአብሔር ነው። ቅጠል በአንድ ቀን ፀሐይ ይጠወልጋል፤ የሰፋውም ሰው ማግሥቱን ሌላ ቅጠል ሊለቅም ይወጣል። ኀፍረቱን የሚሸሽግ ሰው የዕለት ሥራው ይኸው ነው፤ ትናንት የሸፈነበትን ነገር ዛሬ በሌላ ነገር መሸፈን አለበትና።

ጠቢቡ ኢየሱስ ወልደ ሲራክ ኀፍረትን ለሁለት ከፍሎ፥ አንዱ ወደ ኃጢአት የሚያደርስ ሌላው ክብርና ጸጋ የሚሆን መሆኑን ያስተምራል። ክፉ ከማድረግ የሚከለክለን፥ አድርገን ስንገኝም ወደ ንስሓ የሚመራን ኀፍረት የከበረ ነው። ይቅርታ ከመጠየቅ፥ እውነትን ከመመስከር፥ ያላወቁትን ጠይቆ ከመማር የሚከለክለን ግን ራሱ ኃጢአት ይወልዳል። ይህ ለሁሉ የታወቀ ነው። እኛ ግን በዚህ ላይ አንድ የምንጨምረው አለን፤ ይኸውም ምንም በደል የሌለበት ሰው የሚያፍረው ኀፍረት ነው። ሰው በድህነቱ፥ በደዌው፥ በወላጆቹ ስም ወይም ሥራ፥ ትምህርት ባለመግባቱ ያፍራል። ይህን ኀፍረት ኑዛዜ ብቻውን አይፈታውም፤ የሚናዘዙት በደል የለውምና። ካህናት ይህን ከሌላው ሳይለዩ በቀሩ ጊዜ፥ በደዌው ላፈረው ሰው ቀኖና ይሰጡታል፥ በድህነቱ ያፈረውንም ስለ ትዕቢት ይሰብኩታል። እርሱም በደለኛ ያልነበረው ሰው በደለኛ መሆኑን አምኖ ይሄዳል። የዚህ ዓይነት ኀፍረት በእምነት እንዴት እንደሚሸነፍ የሚያሳየን ታሪክ በሐይቅ ይገኛል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በደቡብ ወሎ፥ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ቀድሞ ደሴት በነበረ ዛሬ ግን ከየብስ በተያያዘ ስፍራ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከደብረ ዳሞ የመጡት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የትምህርትና የምንኩስና ቤት አደረጉት። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ከአገራችን ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በነገሥታቱ ዘንድ ታላቅ ክብር ነበረው። እንዲህ ባለ የሊቃውንት ቤት ውስጥ ትምህርት የማይገባው ልጅ መሆን ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው።

በ14ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ በሐይቅ ነበረ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሥ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ የተማሩ ካህን ነበሩና ልጃቸውን ወደ ሐይቅ ላኩት። ገድሉ እንደሚነግረን ልጁ ብዙ ዘመን ቢቀመጥም ትምህርት አልገባውም። ባልንጀሮቹ ንባብ አልፈው ዜማ ሲይዙ፥ ዜማ አልፈው ወደ መጻሕፍት ሲገቡ እርሱ በነበረበት ቀረ። መምህሩም ተስፋ ቈርጠው ወደ አባቱ መለሱት፤ አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም ብለው እንደ ገና ወደ ገዳሙ ሰደዱት። እንግዲህ ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመላሽ፥ ከአባት ቤትም ተመላሽ ሆነ። በገዳሙ የቀረለት ሥራ እህል መፍጨት ነበር። በአገራችን ወፍጮ የሴት ሥራ ተብሎ በሚቈጠርበት ዘመን፥ የተማረ ሰው ልጅ ባልንጀሮቹ ሲያዜሙ እየሰማ ከወፍጮው ሥር ተንበርክኮ ይውል ነበር ማለት ነው።

ይህ ልጅ ኋላ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተባለው ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን፥ አርጋኖንን፥ ኆኅተ ብርሃንን የደረሰ፥ ሌሊት በየአድባራቱ የሚቆመውንም ሰዓታት የደረሰልን እርሱ ነው። ይህን ሁሉ አንባቢዎቻችን ያውቁታልና አናስረዝመውም። እኛን የሚያስፈልገን ሊቅ ከመሆኑ በፊት ያለው ነው። ከወፍጮው ቤት የሚወጣበት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ጠፍቶ መሄድ ነው፤ ወደማይታወቅበት አገር ሄዶ ገበሬ ወይም ነጋዴ ቢሆን የሚያሳፍረው አይኖርም ነበር። ሁለተኛው ልቡን ማደንደን ነው፤ ትምህርት ምን ያደርጋል ብሎ በተማሩት ላይ እየቀለደ መኖር ይችል ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከላይ ያየናቸው የአዳም መንገዶች ናቸው፤ መሸሽና መሸፈን። ልጁ ግን በሁለቱም አልሄደም። በቀን የታዘዘውን እየፈጨ፥ በሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያንኑ ያሳፈረውን ነገር፥ ማስተዋል ማጣቱን፥ ሳይሸሽግ ያቀርብ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ እመቤታችን ተገልጣለት የማስተዋልን ጽዋ እንዳጠጣችውና ከዚያ ወዲህ ልቡ እንደ ተከፈተ ገድሉ ይተርካል።

ይህን ታሪክ ሲሰሙ ብዙዎች ወደ ጽዋው ይሮጣሉ፤ ለሰነፍ ተማሪም የሚነገረው ጽዋው ብቻ ነው። በእኛ አሳብ ግን ከጽዋው በፊት አንድ ሌላ ተአምር አለ። ልጁ ጽዋውን ሳይጠጣ፥ ገና ምንም ሳያውቅ፥ በሥዕሏ ፊት ለመቆም አላፈረም። ባልንጀሮቹ ሲያዩት አንገቱን ይደፋ ይሆናል፤ በዚያ ግን ቀና ብሎ ቆሟል። ከኀፍረት አርነት የወጣው በዚያ ሌሊት ነው እንላለን እንጂ ሊቅ በሆነ ጊዜ አይደለም። ሊቅ በመሆኑ ብቻ ኀፍረቱ የራቀለት ቢሆን፥ ሊቅነቱን የሚነካ ነገር በመጣ ቁጥር ተመልሶ ያፍር ነበር። ኋላ ግን በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ተከስሶ በታሰረ ጊዜ፥ ከመንግሥት ፊት ወርዶ እስረኛ በሆነ ጊዜ፥ ያመነውን አልለወጠም። የወፍጮው ቤት አስቀድሞ አስተምሮታልና።

እግረ መንገዳችንን ለመምህራን አንድ ቃል እንናገር። የአብነት ትምህርት ቤታችን ኀፍረትን የሚያስጥል መልካም ሥርዓት አለው። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ በእመቤታችን ስም እየለመነ ይማራል፤ ውሻ ያሳድደዋል፥ አንዳንዱ ቤት ይሰጠዋል፥ አንዳንዱም ይዘጋበታል። ይህ ልመና ሆድን ለመሙላት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ከሰው እጅ ተቀብሎ መብላት የማያሳፍረው፥ ወደ ፊትም ለሰው ለመስጠት የማይኮራ ካህን ለማውጣት ነው። ነገር ግን በዚያው ቤት ውስጥ ትምህርት የዘገየበትን ልጅ በጓደኞቹ መካከል መሳቂያ ማድረግ በአንዳንድ ስፍራ እንደ ተግሣጽ ይቈጠራል። ይህ ከሥርዓቱ የወጣ ነው። ልመናው ልጁን ከሰው ዓይን አርነት ሲያወጣው፥ ማላገጡ መልሶ ለሰው ዓይን ባሪያ ያደርገዋል። አባ ጊዮርጊስን የመለሱት መምህር ክፉ ሰው እንደ ነበሩ ማንም አይናገርም፤ ዳሩ ግን የልጁን ልብ የከፈተለት ከእርሳቸው ዘንድ አልመጣም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገራችን እንመለስ። ይህ ሁሉ ውርደት ከማን ተሰማ? ከጠላቶቹ አልተሰማም፤ የጻፈችው ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ገድሉን የጻፉት አባቶች ሊቁን ለማክበር ሲነሡ የልጅነቱን ድንቁርና ሊሸሽጉለት ይችሉ ነበር፤ ዓለም ታላላቆቿን ስታከብር እንደዚህ ታደርጋለችና። እነርሱ ግን ፊት ለፊት ጻፉት፤ ሐምሌ 7 ቀን በዓሉ ሲከበር በአደባባይ ይነገራል። ለምእመናን ሁሉ የተነበበ ነገር ከእንግዲህ ማን ያውቅብኝ ይሆን ተብሎ አይጠበቅም። የቅዱስ ጴጥሮስ ክህደት በአራቱም ወንጌላት ተጽፎ ይገኛል፤ ከእነርሱም አንዱን የጻፈው የራሱ ደቀ መዝሙር ማርቆስ ነው። ሐዋርያት የመሪያቸውን ውርደት ለመሸፈን ቢፈልጉ ማን ያጋልጣቸው ነበር? ቅዱስ ጳውሎስም አሳዳጅ እንደ ነበረ ሌላ ሳይከስሰው በራሱ መልእክታት ደጋግሞ ይጽፈዋል። የሙሴ ጸሊምን ሽፍትነት ስንክሳሩ በግልጽ ያነበዋል። ቤተ ክርስቲያን የልጆቿን ኀፍረት የምታነብበው እግዚአብሔር ያለበሳቸውን ልብስ ለማሳየት ነው፤ ቅጠሉ ተገልጦ ሳይታይ ልብሱ አይታይምና።

የዚህም ሁሉ ሥር ጌታችን በመስቀል ላይ መዋሉ ነው። መስቀል በሮማውያን ዘንድ ሥቃይ ብቻ አልነበረም፤ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ኀፍረት ነበር። የሚሰቀለውን ልብሱን ገፍፈው ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ያቆሙት ነበር። የዕብራውያን መልእክት ጌታ የመስቀልን ኀፍረት እንደ ናቀው ሲነግረን፥ መናቅ ማለት አልተሰማውም ማለት አይደለም፤ ሊገዛው አልቻለም ማለት ነው። አዳም በገነት ዛፎች መካከል ተሸሸገ፤ ሁለተኛው አዳም በዛፍ ላይ ዕራቁቱን ተገለጠ። ሐይቅ የሚጠራበት ቅዱስ እስጢፋኖስም ጥር 1 ቀን የምናከብረውን ምስክርነቱን የፈጸመው ከከተማ ወደ ውጭ ተጥሎ ነው። በዙሪያው የቆመው ሸንጎ ሁሉ ሲፈርድበት እርሱ ወደ ሰማይ ተመለከተ። በእምነት ከኀፍረት መውጣት በአጭር ቃል ይህ ይመስለናል፤ የሚያየን ዓይን የማን እንደ ሆነ መለወጡ ነው። ስለ እኛ ራሱ የተዋረደው አምላክ የሚያየን ከሆነ፥ በእርሱ ፊት ዕራቁትን መቆም ሞት አይደለም።

በዚህ ላይ የሚከራከረን ይኖራል። የዘመናችን ችግር የኀፍረት መብዛት ሳይሆን የኀፍረት መጥፋት ነው፤ ሰው ነውሩን በአደባባይ ይናገራል፥ ወጣቱ ሽማግሌ አያፍርም፥ ባለሥልጣኑ በጉቦ አያፍርም፤ እናንተም ይባስ ብላችሁ አትፈሩ ትሉታላችሁ ይለናል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዓይነ ደረቅነት ከኀፍረት መዳን አይደለም። ሰክሮ በመንገድ የወደቀም አያፍርም፤ አለማፈሩ ግን አእምሮው ስለ ሄደ ነው እንጂ ስለ ዳነ አይደለም። ዓይነ ደረቅ ሰው ኀፍረቱን ለማንም አላቀረበም፤ አልተሸፈነም፥ ግን አልለበሰም። ከኀፍረት አርነት የወጣ ሰው በአንጻሩ ኃጢአቱን ኃጢአት ብሎ ይጠራል፤ ስለ ጠራውም አይሸሽም። ደግሞም ብዙውን ጊዜ ዓይነ ደረቅነት ራሱ ከመጠን ያለፈ ኀፍረት ልጅ ነው። ተስፋ ያጣ ሰው አንዴ ተዋርጄ ሳለ ከእንግዲህ ምን ይቀርብኛል ይልና ልቡን ይዘጋል። ስለዚህ በደለኛውን በብዙ ማሳፈር ዓይነ ደረቆችን ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

ይህን ነገር በመጻሕፍት ብቻ ተመልክተን ብናልፍ ግን ለሐይቅና ለአምባሰል ምእመናን ምንም አልሠራንም። ዛሬ በዚያ አገር ስለ ኀፍረት ስንናገር በመጀመሪያ ወደ ልባችን የሚመጡት ከዓረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ወጣቶች ናቸው። ከወሎ መንደሮች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ወደ ዓረብ አገር ሲሰድድ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ገበሬው በሬውን ሸጦ፥ ከዘመድ ተበድሮ፥ ለደላላ ከፍሎ ይልካል፤ ልጅቱ ከሰው ቤት ሠርታ ለወላጆቿ የቆርቆሮ ቤት እንድታሠራ፥ የታናናሾቿን ትምህርት እንድትከፍል ተስፋ ይደረጋል። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሲያስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አላቋረጠም። ከእነዚህ መካከል አዲስ አበባ ወይም ደሴ ደርሰው ወደ መንደራቸው ያልዘለቁ ብዙዎች ናቸው። የአውቶቡሱ ዋጋ አይደለም ያገዳቸው። የተበደሩት ዕዳ ሳይከፈል፥ ጎረቤት የሚጠብቀው ሻንጣ ሳይኖር በእናት ደጅ መቆም ከብዷቸው ነው። አንዳንዶቹም በዚያ የደረሰባቸውን ግፍ ለመናገር አፋቸው አይፈታም።

እነዚህ ልጆች ምን በደሉ? የጠፋው ልጅ የአባቱን ገንዘብ በመሸታ አጠፋ፤ እነርሱ ግን ላባቸውን ተነጥቀው መጡ። ያ በደለኛ ልጅ ሲመለስ አባቱ ሩቅ ሳለ አይቶ ሮጠ፤ ልጁ ያዘጋጀውን ቃል ሳይጨርስ ልብስ አስመጣለት። አስተውሉ፤ አባት በመጀመሪያ ያዘዘው ልብሱን ነው፥ ፍሪዳው ኋላ መጣ። በበደለው ላይ እንዲህ ከሆነ፥ ባልበደለው ላይ እኛ ምን ልናደርግ ይገባን ይሆን? ካህን የተመለሰችውን ልጅ ወላጆች በቤታቸው ሲጠይቅ ስለ ገንዘቡ ቀድሞ ቢያነሣ፥ ወይም እግዚአብሔር ያመጣው ቅጣት ነው ቢል፥ ልጅቱ ከመንደር ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያንም ትቀራለች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የዚሁ ኀዘን ተካፋዮች ስለ ሆኑ፥ በዕድሩና በቡናው ላይ የሚነገረው ቃል ለሁሉም አንድ ነው። ባዶ እጅ መመለስ ነውር አለመሆኑን አንዱ ቤት ከተቀበለ ሌላውም ይቀበለዋል።

በዚህ አገር ኀፍረትን መሸሸግ ምን እንደሚያደርስ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረኃብ ሲያልቅ፥ መንግሥት የአገር ስም እንዳይጎድፍ በማለት ነገሩን ይፋ ሳያደርገው ቆየ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያሳየው ፊልም ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው አደረገ። በዚያ መካከል የሞተውን ሰው ማንም አይመልሰውም። የመንግሥት ኀፍረት በበለስ ቅጠል ሲሸፈን፥ ከቅጠሉ ሥር የሚሞተው ሌላ ሰው ነው።

በደል ያለበትን ኀፍረት በተመለከተ ነገራችን ወደ ንስሓ ይመጣል። በየደብሩ በቅዳሴ ጊዜ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርቡት አብዛኛውን ሕፃናትና አረጋውያን መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በመካከል ያለው ጎልማሳ ቆሞ ይመለከታል። አንዳንዱ ጋብቻው በሰማንያ እንጂ በቁርባን ስላልሆነ ነው፤ ብዙው ግን የሚያሳፍረውን ነገር ለካህን መናገር ስላልቻለ ነው። እየተገባኝ ሳይሆን እንዴት እቀርባለሁ የሚለው ቃል ትሕትና ይመስላል፥ አንዳንድ ጊዜም ትሕትና ነው። ነገር ግን ለ20 ዓመት በዚህ ቃል የኖረ ሰው ትሕትናውን ሳይሆን ኀፍረቱን እየጠበቀ ነው። ደም የሚፈስሳት ሴት በሕዝብ መካከል ተሸሽጋ የጌታን ልብስ ጫፍ ዳሰሰች፤ ጌታ ግን ከፈወሳት በኋላ ተሸሽጋ እንድትሄድ አልተዋትም፤ ጠየቀ፥ እርስዋም ወጥታ እውነቱን ሁሉ ተናገረች። በሕዝብ ፊት ልጄ ብሎ ጠራት። ፈውሱን በስውር ብታገኝ ቀድሞ እንዳፈረች በኖረች ነበር።

ካህናት ሆይ፥ እዚህ ላይ ሸክሙ የእኛ ነው። የንስሓ ልጅ የነገረውን በማኅበር ጠላ ላይ በተዘዋዋሪ የሚያነሣ፥ ስም ባይጠራም አገር ሁሉ እንዲያውቀው አድርጎ የሚሰብክ ካህን፥ አንዱን ነፍስ ብቻ አልጎዳም፤ የሰሙት ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፋቸውን ዘግተዋል። ደግሞም ተነሳሒው ከሚያስፈልገው በላይ ዝርዝር መጠየቅ የካህን ሥራ አይደለም። መቼ፥ ከማን ጋራ፥ በየት ስፍራ እያለ የሚመረምር ዳኛ ነው፤ ካህን ግን ሐኪም ነው። ቀኖናም ሲሰጥ የሚፈጸመው በስውር እንዲሆን ቢጠነቀቅ፥ ለምሳሌ ጎረቤት ምን ሆነ ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ስግደት በቤተ ክርስቲያን አደባባይ ከማዘዝ በሌሊት በቤቱ እንዲሰግድ ቢያዝ፥ ኃጢአቱን ይነቅላል፥ ይሉኝታውን ግን አይጨምርበትም።

ብዙ ሰዎች ለነፍስ አባታቸው መናገር ያቃታቸው ካህኑ ጎረቤታቸው፥ አንዳንዴም ዘመዳቸው ስለ ሆነ ነው። ቤታቸው ቡና የሚጠጣ፥ ልጃቸውን ያጠመቀ፥ ነገ በሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ነውና ይጨነቃሉ። እንዲህ ያሉት ወደ ገዳም ሄደው ለማያውቃቸው መነኮስ ሲናዘዙ፥ የነፍስ አባታቸውን የናቁ የሚመስላቸው ካህናት አሉ። አልተናቁም። ልጁ ደርሶ ለመናገር አቅም እስኪያገኝ ድረስ ፈቅደው ቢሰዱት እነርሱም ዋጋ አላቸው። ኅዳር 26 ቀን ለአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ወደ ሐይቅ ከሚወጣው ሕዝብ መካከል ይህን ብቻ ፈልገው የሚመጡ ቢገኙ አያስደንቅም። ወደ ገዳሙ ሴቶች ስለማይገቡ፥ በእነዚያ ቀኖች አንድ ሁለት አረጋውያን ካህናት ከበሩ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሴቶችን ቢቀበሉ መልካም ይመስለናል። የክርስትና ስማቸውን ይጠይቁ፤ የመንደራቸውን ስም፥ የአባታቸውን ስም፥ ከየት አገር እንደ ተመለሱ ግን እነርሱ ራሳቸው ካልተናገሩ አይጠይቁ።